በለጡ ሾማዥ ላይ ሳለች

በለጡ ፈሪ ነበረች። ስሟን ላጥፋ ብዬ አይደለም፤ ራሷ ናት "እኔ እኮ ጥላዬም ያስደነብረኛል" እያለች የምትስቀው። ውሻ ትፈራለች፤ አሳንሰር ትፈራለች፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ከሩቅ ካየች፣ ፖስታ አመላላሽም ቢሆን፣ መንገድ ትቀይራለች። እንዲህ ያለች ሴት በሃያ ስድስት ዓመቷ ከውጫሌ ተነሥታ፣ በጭነት መኪና የአፋርን በረሃ አቋርጣ ጅቡቲ መግባቷ ለራሷም እስከ ዛሬ ግራ ነው። "ችግር ነዋ የገፋኝ" ትላለች ሲጠይቋት።

እንደ መጣች ቀን ወጣላት። ሁለቱም መምህራን የሆኑ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ቤት ገባች፤ እዚያው እያደረች ስድስት ዓመት አበሰለች፣ አጠበች፣ ሁለት ልጆች አዝላ አሳደገች። ታዲያ አንድ ቀን ካሮት እየላጡ ማዳሟ ስለ ወንድሟ አጫወተቻት። ወንድምየው ከፋብሪካ ሥራው ተቀንሷል፤ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ግን መንግሥት በየወሩ ይከፍለዋል። በለጡ በኩሽና ፈረንሳይኛዋ "ሳይሠራ?" አለቻት። "ሥራ ስለሚፈልግ" አለች ማዳም። ነገሩ "ሾማዥ" ይባላል አለቻት። በለጡ በሆዷ "ይቺ ሴትዮ ታላግጥብኛለች" አለች።

ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ዓርብ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ወዳለችው፣ እንደሷ ሰው ቤት ከሚሠሩ የአገሯ ሴቶች ጋር ወደተከራየቻት ክፍል ስትሄድ ይህንኑ አወራችላቸው፤ ተንከተከቱባት። ያልሳቀችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፦ እትዬ ተናኘወርቅ። ሃያ ዓመት በአንድ ሐኪም ቤት ወጥ ቤት ሆነው የኖሩ፣ ፊታቸው እንደ ልባቸው የማይፈታ፣ የክፍሏን ሴቶች ሁሉ በዓይናቸው ብቻ የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። "ምን ያስቃችኋል?" አሉ። "እኛስ ያለን ምንድነው? የኛም ሾማዥ ነው።"

እውነታቸውን ነው። አሥራ አራት ሆነው ያችን ክፍል ከጋሽ ገብረማርያም ሱቅ ጀርባ ተከራይተዋታል። ጋሽ ገብረማርያም አባታቸው በባቡሩ ዘመን የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ሥራ ያላት ሁሉ በየወሩ ከደመወዟ ትቆርሳለች። ከሥራ የወጣች ወይም ከአገር ገና የመጣች ሴት ደግሞ ሦስት ወር እዚያ ትተኛለች፣ እዚያ ትበላለች፣ የስልክ ካርድም ይሰጣታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ከሥራ የወጣችን ሴት "እገሊት ሾማዥ ላይ ናት" ማለት ተለመደ። ስሙን ያመጣችው በለጡ ናት፤ ራሷ እንደምትደርስበት ግን አላሰበችም።

በፈረንጆቹ 2012፣ በሐምሌ፣ መምህራኑ አገራቸው ገቡ። ማዳም በሩ ላይ አቅፋት አለቀሰች፤ በለጡም አለቀሰች። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ፣ ካምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ አሸዋውን ፊቷ ላይ እየበተነባት፣ ካርቲየ 1 ገባች። ሾማዥ ላይ ነበረች።

አሁን የሾማዡን ሕግ ልንገራችሁ፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። አንደኛ፣ ሾማዥ ላይ ያለች ሴት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታ ሥራ ትፈልጋለች፤ ተኝታ አትውልም። ሁለተኛ፣ ሥራ ያላት አንዷ ስትታመም፣ ሾማዥ ላይ ያለችው ሄዳ ትተካላታለች፤ ያቺ ቦታዋን እንዳታጣ። ሦስተኛ፣ ሥራ ሲገኝ በተራ ነው፤ ቀድማ የገባች ቀድማ ትወጣለች። አራተኛው ክፉው ነው፦ ተራዋ የደረሰ ሴት ካልታመመች በቀር ሥራ አትመልስም። ከመለሰች ፍራሿ ለሌላ ይሰጣል። እትዬ ተናኘ ይህንን ያወጡት ጨክነው አይደለም፤ ቀድሞ የሚያማርጡ ሴቶች ክፍሏን ሊያዘጓት ደርሰው ስለነበር ነው።

ፍራሽ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ቀላል ይመስላል። አሠሪ የሌላት ሴት ወረቀት የላትም፤ ወረቀት የሌለውን ደግሞ፣ መንገድ ላይ ከተገኘ፣ አፈሳ ይወስደዋል። መኪናው ድንገት ይመጣል፤ ሽንኩርት ሲገዙ የተያዙ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የተያዙ አሉ። በማግስቱ ድንበር ላይ ናቸው፤ ልብሳቸው እንኳ ጅቡቲ ይቀራል። ውጫሌ ላይ ሁለት ልጆች የሚማሩት በበለጡ ነው፤ የሟች እህቷ ልጆች። ባዶ እጇን ከመኪና ስትወርድ የሚያዩዋት እየመሰላት እንቅልፏ ይሸሻል።

ሥራ ፍለጋው ራሱ ፍርሃት ነበር። በየብረት በሩ እየቆመች ዘበኛውን በሶማልኛ "ሸቆ መ ጅርታ?" ትለዋለች፤ ሥራ አለ ወይ ማለቷ ነው። የለም ይላታል። በክረምቱ ፈረንጁ ሁሉ አገሩ ገብቷል፤ የአገሬው ባለገንዘብም ወደ ደጋ ወጥቷል፤ ማን ይቅጠራት? አንድ ጠዋት ከገበያው ማዶ አፈሳው ደረሰባት። ሰው ሲበታተን አየችና ሮጠች፤ እግሯ ያደረሳት ሙጠሊብ የሚባል የመናዊ ስልክ ቤት ውስጥ ነው። ሙጠሊብ አንዴ አያትና ምንም ሳይጠይቅ የመጨረሻውን የስልክ ሳጥን በጣቱ አሳያት። ገብታ የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በወዲያ በኩል ማንም ሳይኖር "እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነን" ስትል ቆየች። ባለ ደንብ ልብሱ በመስታወቱ አይቷት አለፈ። ከዚያ በኋላ ሙጠሊብን ባየች ቁጥር አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለዋለች።

በዚያ ክፉ ወራት አንድ መልካም ነገር ነበራት። ታፈሰ ይባላል፤ በወደቡ ነፃ የንግድ ቀጠና መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሰው። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት አንድ ሐብሐብ አዝሎ ይመጣና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ራሱ ይቆርሰዋል። "ሥራ ግቢና ሽማግሌ እልካለሁ" ብሏታል። ሴቶቹ "ሙሽሪት፣ ሐብሐብሽ መጣልሽ" እያሉ ያበሽቋታል፤ እሷም ትበሽቃለች፤ ደስ እያላት።

በመስከረም አንድ ዓርብ ከአሥራ አራቱ አንዷ፣ ሀዊ፣ መጣች። ሀዊ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሆዳን በሚባለው ሰፈር በአንድ ነጋዴ ቤት ከተቀጠረች አምስት ወሯ ነው። ክፍሉን በሳቅ የምትሞላው ልጅ ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። "ወባ ነው" አለች። እትዬ ተናኘ ግንባሯን ዳሰሱ፤ ትኩሳት አላገኙም፤ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነውና "በለጡ፣ ነገና ከነገ ወዲያ አንቺ ተኪላት" አሏት።

በለጡ ሄደች። የቤቱ እመቤት ዙለይካ ደግ ሴት ሆና አገኘቻት፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። በር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠቻት፤ ሀዊ እንዴት ሆነች ብላ ጠየቀቻት። አባወራው ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄዷል። ቤቱ አዲስ ነው፤ ወለሉ ያበራል። በለጡ "ምን ዓይነት ዕድለኛ ልጅ ናት" አለች በሆዷ። የቀን እንቅልፍ ሰዓት ሲደርስ፣ ከተማው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ጸጥ ሲል፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የሠራተኛ ክፍል ጋደም ልትል ገባች።

በሩን ዘጋችና እጇ እንደ ልማዱ መቀርቀሪያውን ፈለገ። የለም።

ነበረ፤ ተነቅሏል። የአራት ብሎን ቀዳዳ በእንጨቱ ላይ አለ፤ ቀዳዳዎቹ በአዲስ ቀለም ተቀብተዋል። ወደ ወለሉ ስታይ፣ ከአልጋው እግር እስከ በሩ ድረስ ሲሚንቶው ተፍቋል፤ የቆርቆሮ ሣጥን ብዙ ጊዜ ተጎትቶ በሩን ሲደገፍ የሚያወጣው ዓይነት ፍቀት። የሀዊ ሣጥን አጠገቡ ቆሟል። አንድ ጎኑ ገብቷል፤ ከውጭ ተገፍቶ።

በለጡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ዱባይ መሆኑን እያወቀች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ቆየች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ።

ስትመለስ ክፍሏ ውስጥ ሀዊ ብቻ ነበረች። በለጡ አጠገቧ ቁጭ አለችና "በሩን አየሁት" አለቻት። ሀዊ ከግድግዳው ዞረችና ተናገረች። የተናገረችውን እኔ አልደግመውም። ሲያበቃ የበለጡን እጅ ያዘች።

"ለማንም እንዳትነግሪ። በማርያም ማይልኝ።"

ሀዊ ሙስሊም ናት፤ የበለጡን ማርያም ግን ታውቃታለች፤ በለጡ በሷ ምላ እንደማታፈርስ ታውቃለች። አገሯ የታጨችለት ሰው አለ። ወሬው ከወጣ እሱ ብቻ ሳይሆን የእናቷም ደጅ ይዘጋል። በለጡ ማለች። ሀዊ ለሌሎቹ "እናቴ ታማብኛለች" አለችና በሦስተኛው ቀን ድሬዳዋ ሄደች፤ ለዙለይካም በስልክ ያንኑ ነገረቻት። እትዬ ተናኘ "አይ የልጅ ነገር፣ እንዲህ ያለ ቤት ጥላ" ብለው አዘኑ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሦስት ሳምንት አላለፈም። በለጡ ሦስት ወሯን ልትጨርስ ሰባት ቀን ሲቀራት፣ ረቡዕ ለት፣ እትዬ ተናኘ ደወሉላት።

"እንኳን ደስ ያለሽ። ሥራ ተገኘልሽ።"

"እግዜር ይስጥዎት እትዬ! የት ነው?"

"ሆዳን። ያው የሀዊ ቤት። ዙለይካ አሁን ደወለችልኝ፤ ሁለት ቀን ስተኪ ወዳሻለች፤ 'ያችን ረጋ ያለችውን ላኪልኝ' አለች። ዓርብ ቃልሽን ትሰጪና ቅዳሜ ትገቢያለሽ።"

በለጡ "እሺ" አለች። ምን ትበል?

ያን ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ብትሄድ፣ በሩ ያው ነው፤ ሰውየው ከዱባይ ተመልሷል። ባትሄድ፣ ፍራሿ ይሄዳል፤ ከዚያ አፈሳው፣ ድንበሩ፣ ውጫሌ ላይ ደጃፍ ላይ የሚጠብቁ ሁለት ልጆች። ለምን ብትባል ማርያም አለችባት። "ታመምኩ ልበል" ብላ አሰበች፤ እትዬ ተናኘ ግንባር ይዳስሳሉ። አልፎም ሌላ ነገር ነበር፤ ይህኛው ከሁሉ የባሰ ሆነባት። ከሷ ቀጥሎ ተራው የጸደንያ ነው።

ጸደንያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከመጣች ወር አልሞላትም። ምግብ ስታበስል ታዜማለች፤ ታሳርራለች፤ ትስቃለች። ሐሙስ ጠዋት አብረው ሥራ ፍለጋ ሲወጡ "እትዬ በለጡ፣ የሆዳኑ ቤት ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" አለቻት። በለጡ "ትልቅ ነው" አለች።

ከዚያ ሙጠሊብ ስልክ ቤት ገባች። ያኔ የተደበቀችበት ሳጥን ውስጥ ቆማ፣ አሁን የእውነት፣ ድሬዳዋ ደወለች። እናትየው አነሡት፤ ደህና መሆናቸውን፣ ታመውም እንደማያውቁ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ከኋላቸው የሴቶች እልልታ ይሰማል። ሀዊ መጣች።

"ሀዊ፣ እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ልግባ እየተባልኩ ነው። እኔ እምቢ ካልኩ ደግሞ ጸደንያ ናት። ከመሐላዬ ፍቺኝ።"

ሀዊ ሰው ከቧታል። "አዎ፣ ልብሱ ደርሷል፣ ያምራል" አለች ጮክ ብላ። ቀጥሎ ድምፅዋ ወረደ፤ ሄዳ ግድግዳ የተጠጋች ይመስላል። "ኒካዬ ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ በልዬ። ስሜ ከወጣ ሞትኩ በይኝ። መሐላሽን አልፈታም።" በለጡ ዘጋችው ብላ ነበር። "ቤቱን ግን... ልጅቷን አትስደዷት።" ከዚያ ተዘጋ።

በለጡ እጀታውን ይዛ ቀረች። ስሜን አታንሺ፣ ቤቱን ግን አንሺ። እንዴት ተደርጎ? እንዲህ ያለውን የሚያውቅ አምላክ ነው።

ዓርብ ደረሰ። አሥራ አራቱ አሥራ ሦስት ሆነው ክፍሏን ሞሏት፤ ማራገቢያው ከላይ ይንቋቋል። እትዬ ተናኘ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። "በይ በለጡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ልደውልና ልንገራት?" አሉ።

"አልሄድም እትዬ።"

በለጡ ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም።

"ታመሻል?"

"አልታመምኩም።"

"እና?"

በለጡ አንገቷን ደፋች። ሴቶቹ ተያዩ። "እመቤት መሆን አማራት እንዴ" አለች አንዷ። ሌላዋ "ሐብሐቡ ልቧን አጠፋው" አለች፤ ጥቂቶች ሳቁ። እትዬ ተናኘ አልሳቁም። ደጋግመው "ለምን?" አሏት። በመጨረሻ ተነፈሱ።

"በለጡ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታዋጪ አንድ ወር አላጎደልሽም። አንቺን ማስወጣት ለኔ ሞቴ ነው። ግን ላንቺ ብዬ ሕጉን ካፈረስኩት ነገ ለሁሉም ይፈርሳል። ፍራሽሽን እስከ እሑድ ትለቂያለሽ። ጸደንያ፣ ተራው ያንቺ ነው። ትሄጃለሽ?"

"አዎ!" አለች ጸደንያ፤ ወዲያው ደግሞ በለጡን አይታ አፈረች።

እትዬ ተናኘ ስልኩን አነሡ፤ ቁጥሩን ነኩ፤ ጆሮአቸው ላይ አደረጉት። የሚጠራው ድምፅ እስከ ግድግዳው ይሰማል። አንድ። ሁለት።

"የሠራተኛዋ ክፍል መቀርቀሪያ የለውም" አለች በለጡ።

እትዬ ተናኘ ስልኩን ከጆሮአቸው አራቁት።

"ነበረው። ተነቅሏል። በውስጥ በኩል የአራት ብሎን ቀዳዳ አለ፤ በቀለም ተሸፍኗል። በቤቱ ካለው በር ሁሉ መቀርቀሪያው የተነቀለው የዚያ ብቻ ነው።"

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ፣ ከጸደንያ በቀር፣ ሰው ቤት አድራ የማታውቅ የለችም። እያንዳንዷ የምትተኛበትን በር፣ የምትቀረቅረውን ብረት፣ የቀረቀረችበትንም ምክንያት ታውቃለች። ከሳቁት አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስልኩ ውስጥ የዙለይካ ድምፅ "አሎ? አሎ?" ይላል። እትዬ ተናኘ ዘጉት።

"ሁለት ቀን ስትተኪ ነው ያየሽው?"

"አዎ።"

"ልጄ" አሉ። ልጄ ብለዋት አያውቁም። "ነገሩ ማንን ነው ያገኘው?"

በዚህ ጊዜ ከጥግ አንዷ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ "እንዴ፣ ሀዊ እኮ... ያ ወባ ያለችው..." አለች። የሁሉም ዓይን ሀዊ ትተኛበት ወደነበረው ቦታ ዞረ። በለጡ ነገሩ እንደ ወጥ ገንፍሎ ሊፈስ ሲል አየችው። የሁሉም አሠሪ ሾፌር አለው፤ ሾፌሩ ድሬዳዋ ወዳጅ አለው፤ ዛሬ እዚህ የተባለ ከሳምንት በኋላ እልል ከሚባልበት ቤት ይደርሳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያች ውሻ የምትፈራ፣ አሳንሰር የምትፈራ ሴት ቀና አለች።

"ሀዊን ምንም አላገኛትም። እሷ እያለች መቀርቀሪያው ነበር። እናቷ ታማባት ነው የሄደችው። እኔን ነው።"

ሴቶቹ ዓይናቸውን ከሀዊ ቦታ ወደ እሷ መለሱ።

"እኔን ነው" አለች ደግማ። "ሁለተኛው ቀን። አሁን አትጠይቁኝ።"

ዋሸች፤ ሰውየው ያኔ ዱባይ እንደነበረ እዚያ ከነበሩት ከሷ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማርያምን ግን አላፈረሰችም። ጸደንያ ተነሥታ እግሯ ሥር መጥታ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ አለቀሰች። እትዬ ተናኘ፣ እንባ አያውቃቸውም ብሎ ሁሉም የሚምልላቸው ሴት፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ አራተኛውን ሕግ እዚያው ሻሩት። ከእንግዲህ ሾማዥ ላይ ያለች ሴት አንድ ጊዜ "አልሄድም" ማለት ትችላለች፤ ምክንያቷን የሚጠይቅ የለም፤ ፍራሿም አይነካም። ለዙለይካም ከዚህ ክፍል ሴት እንደማትመጣ ነገሯት። ለምን ስትል፣ "የበርሽን ቀዳዳ ቁጠሪ" አሏት። ታውቅ አታውቅ እግዜር ይወቅ።

ሦስት ወሯ ቢያልፍም በለጡ ፍራሿን አላጣችም። በኅዳር አዲስ የመጡ ፈረንሳውያን ዘንድ ገባች፤ ለውጫሌዎቹም የትምህርት ቤት ገንዘብ ሳይቋረጥ ተላከ። ሾማዡ ያደረገላት ይህን ነው፤ ቀላል አይደለም።

ታፈሰ ከዚያች ዓርብ በኋላ አንድ ጊዜ መጣ። ወሬው ነፃ ቀጠናው ድረስ ደርሷል፤ አሥራ ሦስት አፍ እንዴት ይከደናል? ሐብሐቡን ደጃፍ ላይ አስቀመጠ፤ አልተቀመጠም፤ አልቆረሰውም። ጉሮሮውን ጠራረገና "ምነው እኔን ሳትነግሪኝ?" አላት። በለጡ እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ታፈሰ ከሾፌሮች ጋር ይውላል፤ ደግ ሰው ነው፣ ደግ ሰው ደግሞ የሚወዳትን ሴት ስም ለማጽዳት ዝም አይልም። "ፈራሁ" አለችው። ይኸኛው እውነት ነው። "እሺ" አለና ሄደ። ሐብሐቡን ጸደንያ ቆረሰችው፤ በለጡ አልቀመሰችም።

አሁን በፈረንጆቹ 2017 ነው። ሀዊ ሁለት ልጆች አሏት፤ በየዓመቱ በኒካዋ ቀን ትደውላለች። "ስለኔ ሰው ጠየቀሽ?" ትላለች። "ማንም አልጠየቀኝም" ትላታለች በለጡ። ስለ ታፈሰ አልነገረቻትም። እትዬ ተናኘ አርጅተው አገራቸው ገብተዋል፤ ክፍሏን የምታስተዳድረው ጸደንያ ናት፤ ወጥ ማሳረር ትታለች።

ባለፈው ዓርብ አንዲት አዲስ ልጅ፣ ሾማዥ ላይ ከገባች አሥረኛ ቀኗ፣ ሥራ ተገኝቶላት "አልሄድም" አለች። ሻንጣዋን ይዛ ነው ያለችው፤ የምትባረር መስሏት።

"እሺ" አለች ጸደንያ። "የበለጡን ወሰድሽ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ነው።"

"የበለጡ ምንድነው?"

ጸደንያ ወደ በለጡ ዞር ብላ አየቻት፣ እንደ ፈቃድ መጠየቅ። በለጡ ሽሮ ትነሰንስ ነበር፤ ቀና አላለችም።

"እዚህ ያለችው እትዬ በለጡ ናት" አለች ጸደንያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በሷ የደረሰ ነገር ነው። እሷ ባትናገር ኖሮ እኔ ነበርኩ የምገባው።"

ልጅቷ በለጡን አየቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "እውነት ነው፣ እትዬ?"

በለጡ ማማሰያውን አስቀመጠች። በአምስት ዓመት ስንቴ ተጠይቃ ስንቴ እንደመለሰች አታስታውስም፤ ፍርሃቱን ግን አልለመደችውም፤ አንድ ቀን አፌ ያመልጠኛል ብላ ትፈራለች።

"አዎ" አለች። "እኔን ነው።"